ደረቅ 1 ይዘህ ሥራ ላጣኸው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን የጻፍከውን ባጭሩ ላስቀምጠው። የሐሙሲት ልጅ ነህ፣ ዕድሜህ 24። ባሕር ዳር ዘንዘልማ እኅትህ ዘንድ ተጠግተሃል። አባትህ በሬ ሸጠው አሠልጥነውህ ደረቅ 1፣ ማለትም የትንንሽ ጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ካወጣህ ዓመት ሊሞላህ ነው። የሄድክበት ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ አለህ?» ይሉሃል። አሁን አንድ ደላላ 20 ሺህ ብር ካመጣህ የልምድ ወረቀት አሠርቶ ሲኖትራክ የሚባለው ከባድ የጭነት መኪና ላይ ሊያስቀምጥህ ቃል ገብቶልሃል። እኅትህ ደግሞ የወጣላትን ዕቁብ ልትሰጥህ ተዘጋጅታለች። የጠየቅከኝ ሁለት ነገር ነው፤ ልክፈል ወይ? አዲስ አበባስ ብሄድ ይሻለኛል?

ከገንዘቡ ልጀምር። አትክፈል። የእኅትህ ዕቁብ እዚያው እጇ ላይ ይቆይ።

ሲኖትራክ በደረቅ 1 አይነዳም። ደላላው ይህን አያውቅም ብለህ አታስብ፤ አሳምሮ ያውቀዋል። መንጃ ፈቃድህ የማይፈቅድልህን መኪና እየነዳህ ሰው ብትገጭ መድን ድርጅቱ ካሳውን አልከፍልም ሊል ይችላል። ያኔ ዕዳው በአንተና በባለንብረቱ ላይ ይወድቃል። የሐሰት የልምድ ወረቀት መገልገልም በወንጀል ያስጠይቃል። ቀጣሪው አንድ ስልክ ደውሎ «ይህ ልጅ እናንተ ጋ ሠርቷል?» ብሎ ቢጠይቅ ያበቃል። ደላላው ያን ጊዜ ስልኩን አያነሳልህም።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ይሠራልህና ሥራውን ታገኘዋለህ እንበል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስበው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ሙሉ ጭነት ይዞ እግሩን ፍሬን ላይ ተክሎ የሚወርድ ሾፌር ወንዙ ጋ ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። የሚያውቅ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር በከባድ ማርሽ ይገባል። መኪናውን ሞተሩ ይይዝለታል፤ ፍሬኑን ነካ እያደረገ ይለቃል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። የሠለጠንከውም ሜዳ ላይ፣ ባዶ መኪና ይዘህ ነው። ይህ የአንተ ጥፋት አይደለም። ግን እዚያ ቁልቁለት ላይ የሐሰት ወረቀት ይዘህ እንድትገኝ አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። «የሁለት ዓመት ልምድ» የሚሉህ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም።

መሥሪያ ቤቶች፣ ትልልቅ ድርጅቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሁለት ዓመት ሲሉ ሁለት ዓመት ማለታቸው ነው። ማስታወቂያ ላይ ከወጣ የሚለወጥ ነገር የለም። ለእነሱ ማመልከቻ እያባዛህ አትድከም፤ ጊዜው ሲደርስ ትሄድባቸዋለህ። በክፍለ ከተማህ ባለው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ግን በሥራ ፈላጊነት ተመዝገብ። አንድ ጠዋት ቢፈጅብህ ነው።

አንድ ወይም ሁለት መኪና ያለው ባለንብረት ግን ሌላ ነው። ያ መኪና ሀብቱ ሁሉ ነው፣ ምናልባትም የባንክ ዕዳ አለበት። እሱ «ልምድ አለህ?» ሲልህ የፈራውን ነገር እየነገረህ ነው። ይህን ልጅ ማን ያውቀዋል? ጠጪ ይሆን? ናፍጣ ይቀንስብኝ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ወረቀት አይደለም፣ የሚያውቅህ ሰው ነው። ስለዚህ ካሁን በኋላ ሥራ ፍለጋህ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ መኪና መቆሚያ ይዙር።

በግልጽ ልንገርህ፤ ረዳት ሆነህ ጀምር። «መንጃ ፈቃድ ይዤ እንዴት ረዳት እሆናለሁ?» እንደምትል ይገባኛል። አባትህ በሬ የሸጡት ጭነት ላይ እንድትንጠላጠል አይደለም። እኔ የማማክራቸው ልጆችም መጀመሪያ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። ግን ረዳቱ የሚያየውን ነገር ማሠልጠኛ ውስጥ ማንም አያሳይህም። ሸራ እንዴት እንደሚወጠርና ገመዱ የት የት እንደሚታሰር፣ የኋላ ድርብ ጎማ መሐል ድንጋይ ሲሰነቀር እንዴት እንደሚወጣ፣ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል መሪው ላይ ምን እንደሚሰማ የምትማረው እዚያ ነው። ደግሞ መንጃ ፈቃድ ያለው ረዳት ሾፌሩ ሲደክመው፣ ሜዳው ላይ፣ ባለንብረቱ እስከፈቀደ ድረስ መሪ ይይዛል። አንድ ቀን ሾፌሩ ይታመማል፣ ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ባለንብረቱ ያን ጊዜ ማስታወቂያ አይለጥፍም፤ አንተን ነው የሚጠራህ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ተነጋገር። «ጋሼ፣ ደረቅ 1 አለኝ። ልምድ የለኝም፣ አልዋሽዎትም። ረዳት ሆኜ ልጀምርና ሥራዬን አይተው ይወስኑ» በል። አለዚያ ረዳት ሆነህ ሁለት ዓመት ልትቀር ትችላለህ። ከአምስት ስድስት ወር በኋላ መሪ የማያስነካህ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

የት ልፈልግ ላልከኝ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ ያላቸው ትንንሽ የጭነት መኪኖች ናቸው። ውኃና ለስላሳ የሚያከፋፍሉ፣ ዱቄት የሚያመላልሱ፣ ብሎኬትና ብረት ለግንባታ የሚያደርሱ አሉ። ቅርብ ለቅርብ ነው የሚሠሩት፣ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ደመወዙ ብዙ አይደለም። ለጀማሪ ግን የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ በቀን ብዙ ጊዜ ትቆማለህ፣ ትነሳለህ፣ ጠባብ ግቢ ትገባለህ።

የአንተን አገር ደግሞ አትርሳ። ወረታ ከሐሙሲት ቅርብ ነው። የፎገራ ሩዝ ከኅዳር ጀምሮ ሲታጨድ የሩዝ መፈልፈያዎቹ ደጅ አይሱዙ ተሰልፎ ታያለህ። በጋውን ደግሞ በመስኖ የለማው ሽንኩርት ይጫናል። የግንባታ ሥራ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ ይነቃቃል፣ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱትም ያኔ ሰው ይፈልጋሉ። ሐምሌ ላይ ሥራ ጠይቆ ያጣ ልጅ ጥቅምት ላይ እንደገና መጠየቅ አለበት። የሩዝ ነጋዴዎቹ አባትህን በስም የሚያውቁ ከሆነ ከእኔ ምክር ሁሉ የሚበልጥ ነገር በእጅህ ነው፤ አባትህ አብረውህ ይሂዱ። አያሳፍርም።

ከጎሚስታና ከጋራዥ ሠራተኞች ጋርም ተዋወቅ። የትኛው ባለንብረት ከሾፌሩ ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ሁለተኛ መኪና ሊገዛ እንደሆነ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። አንድ ሻይ ጋብዘህ ስልክ ቁጥርህን ተውላቸው። ደላላም ቢሆን ሁሉም አጭበርባሪ አይደለም። ልኩ ግን ሥራ ከጀመርክ በኋላ መክፈል ነው፣ አስቀድሞ የሚቀበልን እለፈው።

አንድ ቀን ባለንብረቱ ቁልፉን ወርውሮልህ «እስቲ ንዳ» ይልሃል። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ሮጠው ጋቢና ይወጣሉ። አንተ አትውጣ። መጀመሪያ መኪናውን ዙረው። ጎማዎቹን እይ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ ጎንበስ ብለህ ተመልከት፣ ዘይቱንና ውኃውን ለካ። ከዚያ ውጣና ወንበሩንና ስፖኪዮውን ለራስህ አስተካክል። በአየር የሚሠራ ፍሬን ካለው ሞተሩን አስነስተህ የአየሩ መለኪያ እስኪሞላ ጠብቅ፤ ዝም ብለህ ጠብቅ፣ አትቸኩል። ባለንብረቱ ይህን ሁሉ ከጎን ቆሞ ያያል። ገና አንድ ሜትር ሳትነዳ ግማሽ ፈተናውን አልፈሃል።

ከዚያ ሁለት ነገር ያሠራሃል። አንደኛው መጋዘን በር ላይ ወደ ኋላ ማስጠጋት ነው። ካልታየህ ቁም፣ ወርደህ እይ፣ ተመልሰህ ውጣ። ሦስት ጊዜ ብትወርድ ማንም አይስቅብህም፣ ግድግዳ ብትነካ ግን ሥራው የለም። ሁለተኛው ዳገት ላይ አቁሞ መነሳት ነው። የእጅ ፍሬኑን ይዘህ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገህ፣ መኪናው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት። ይህን ባሕር ዳር ሜዳ ላይ አትለምደውም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ጥሩ አስተማሪ ነው። በዚያ የሚሠራ ሾፌር ካወቅክ አብረኸው ሂድ፣ ማርሽ የሚቀይርበትን ቦታ በዓይንህ ያዝ።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ብስክሌቱና ባጃጁ አለ። የባሕር ዳር ሰው ብስክሌት ይወዳል፣ ልጆች በቀኝህ ገብተው ከጎማህ ጎን ይሄዳሉ። ወደ ቀኝ ከመታጠፍህ በፊት ስፖኪዮውን ሁለቴ እይ። ጋቢናው ከፍ ባለ ቁጥር ከአጠገብህ ያለውን ነገር አታየውም።

ብዙ ልጆች የሚወድቁት መንዳት ላይ ሳይሆን ተያዥ ላይ ነው። «ደመወዝተኛ ተያዥ አምጣ» ሲባሉ ሥራው እጃቸው ገብቶ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ተያዥ ፈልግ። አስተማሪ አጎት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የአክስት ልጅ፣ ማንም ይሁን። ስታስቸግራቸው የሚፈርሙት ምን እንደሆነ በእውነት ንገራቸው። የገንዘቡ መጠንና የጊዜው ገደብ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ጣሪያ በሌለው ዋስትና ዘመድህን አታስፈርም።

ሥራው ሲገኝ ሁለት ሦስት ነገር ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እወቅ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባል። ከደመወዝህ ደግሞ እንደፈለገ አይቆረጥም፤ የሚቆረጥበት ምክንያት ሲኖርም ከወር ደመወዝህ ከሲሶው ማለፍ የለበትም። አብዛኛው ባለንብረት ይህን ስትጠቅስለት ፊቱን ያጠቁራል፣ ስለዚህ አዋጅ ይዘህ አትግባ። «አበሉ ስንት ነው? ጭነት ቢጎድል፣ ጎማ ቢፈነዳ፣ የትራፊክ ቅጣት ቢመጣ ማን ይከፍላል?» ብለህ በሰላም ጠይቅ። ከትርፍ ጭነት ግን ራቅ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ ከመንጃ ፈቃድህ ጋር አመሳክር። «ትንሽ ብቻ ጨምርበት» የሚልህ ሰው አደጋ ሲደርስ መሪውን የያዝከው አንተ መሆንህን ያስታውስሃል።

ሦስት ወርም ብትሠራ ስትወጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቅ። የመኪናው ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራህ፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። እውነተኛው ሁለት ዓመት የሚሞላው እንዲህ እየተጠራቀመ ነው። ጫት ካልጀመርክ ደግሞ አትጀምር። እንቅልፍ ሲመጣ መድኃኒቱ መኪናውን አቁሞ መተኛት ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ አሁን አትሂድ። አንደኛ መንገዱ ራሱ ያሳስበኛል። ባለፉት ዓመታት ሾፌሮች መንገድ ላይ ታግተው ገንዘብ ሲጠየቅባቸው ሰምተናል። ለዚህም ነው የመጀመሪያ ሥራህ ከተማው ዙሪያ ቢሆን የምመርጠው፤ ከከተማ ስትወጣም የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከመጡ ሾፌሮች ሳትጠይቅ አትነሳ። ሁለተኛ ደግሞ እዚያ ማን ያውቅሃል? ተያዥህ እዚህ ነው፣ አባትህን የሚያውቀው ነጋዴ እዚህ ነው፣ ምሳህን የምትሰጥህ እኅትህም እዚህ ነች። እዚያ ሄደህ የቤት ኪራይ እየከፈልክ ያው የልምድ ጥያቄ ይጠብቅሃል። የሚቀጥለውን ደረጃ፣ ደረቅ 2ን፣ አውጥተህ፣ ማኅተም ያለው የልምድ ደብዳቤ ይዘህ ስትጽፍልኝ ግን ስለ አዲስ አበባም፣ ስለ ጅቡቲ መስመርም በደንብ እንነጋገራለን።