መጠባበቂያ ቺንጋ

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ ደወለልኝ። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አሮጌ ስኖውሞቢል፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር፣ ገዝቶ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስገጥሞለታል። በአንድ ወር ውስጥ የሞተሩን ኃይል የሚያስተላልፈው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሁለት ጊዜ ተበጥሶበታል። «ጋሼ፣ ከሁሉም የሚጠነክረው ቺንጋ የቱ ነው? ዋጋው ግድ የለኝም» አለኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ይህንኑ ጥያቄ ከሃያ ዓመት በፊት ሰምቼው ነበር። ያኔ ፈጥኜ መልሻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004፣ ጥር ላይ ነው። በሰሜን ሚኒሶታ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ያ አካባቢ የስኖውሞቢል አገር ነው። ስኖውሞቢል ሠሪው ፖላሪስ የተወለደው ሮዞ ከተማ ነው፣ ሌላው ሠሪ አርክቲክ ካት ደግሞ ቲፍ ሪቨር ፎልስ ላይ። አርብ ማታ ልንዘጋ ስንል አንድ ሰውዬ ገባ። ሐይቅ ላይ በረዶ በስቶ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። በዚያ ወቅት ብቻ ሦስት ቺንጋ ጨርሷልና ከሁሉም የሚጠነክረው የቱ ነው አለኝ። ኮፈኑን ከፈትኩት። ቺንጋው የሚዞርባቸው ፑሌጃዎች ዙሪያ ጥቁር የጎማ ዱቄት ተበትኗል። ሞተሩን በእጄ ገፋ ሳደርገው ተንቀሳቀሰ። የተቀመጠባቸው ጎማዎች አልቀዋል። ይህንን አይቻለሁ። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። ግን ጎማዎቹን መቀየር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰውየው ቸኩሏል፣ እኔም ቤቴ መግባት ፈልጌያለሁ። ከመደርደሪያው ላይ ውዱን ቺንጋ አውርጄ ሰጠሁት። እሱ ለመጠባበቂያ ብሎ አንድ ርካሽ ቺንጋም አንሥቶ ነበር። «ተወው፣ ይህን ካሰርክ መጠባበቂያ አያስፈልግህም» አልኩት። መልሶ አስቀመጠው። ያቺን ቺንጋ ወደ መደርደሪያው ሲመልሳት ዛሬም ይታየኛል።

በማግስቱ ማታ ሐይቁ መሃል ላይ ተበጠሰበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ አብሮት ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ደርሷል። የራሱን ጓንት ለልጁ ደረበለት። የሩቅ መብራት እያዩ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግራቸው ሄዱ። ልጁ ምንም አልሆነም። የአባትየው ሁለት ጣቶች ግን ጫፋቸው ተቆረጠ። መጋቢት ላይ ጋራዥ መጣ። አልጮኸብኝም። የተበጣጠሰውን ቺንጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ለምን እንደተበጠሰ ንገረኝ» አለኝ። ምክንያቱን ነገርኩት። አርብ ማታ አይቼው እንደነበር ግን አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ አግኝቼው አላውቅም።

አጎቴ ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት ነበረው። ቺንጋ ሲንሸራተት ሽታውን ከደጅ ያውቀዋል። ወፍጮውን አቁሞ መጀመሪያ የሚያየው ቺንጋውን አይደለም፣ ሞተሩ የታሰረባቸውን ብሎኖች ነው። ጤፍ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ቢጮኹበትም አይቸኩልም። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገቡ ቆሜ ይህን ሁሉ አይቻለሁ።

የስኖውሞቢልም ነገር ያው ነው። ቺንጋው የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ ነው። ነዳጅ ስትሰጡ የሞተሩ ፑሌጃ ይጨምቀውና ወደ ላይ ይወጣል፣ የኋለኛው ይከፈትለታል። ሞተሩ ከላላ ግን ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ይጎተታል፣ ፑሌጃዎቹም ይጣመማሉ። ቺንጋው እየተፋቀ ይግላል። ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ካለፈ ዕድሜው ወዲያው ያጥራል። ውስጡ ያለው ኬቭላር የሚባል ጠንካራ ክር የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ዙሪያው ያለው ጎማ ሲጎዳ ብቻውን አይቆምም።

የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም። ቪዲዮ ታያላችሁ፣ የፑሌጃ ሞላና ክብደት በስልክ ታዛላችሁ፣ ፑሌጃውን ግን በእጃችሁ ነክታችሁ አታውቁም። ይሄኛው ልጅ ግን ደውሎ ጠየቀኝ። እኔ በእሱ ዕድሜ ማንንም አልጠየቅኩም።

ርካሽ ቺንጋ ግዙ ማለቴ አይደለም። ለራሴ ሁልጊዜ ውዱን ነው የምገዛው። ግን መጀመሪያ የሞተሩን ጎማዎች እዩ። የፑሌጃዎቹን መስመርና ርቀት ለክታችሁ አስተካክሉ። ቱርቦ ካለው ቺንጋው አየር እንዲያገኝ ኮፈኑ ላይ መተንፈሻ ክፈቱለት፣ ኃይሉን ወደ ታች የሚያደርሰውን የካቴናውን ጥርስ ሬሾም ዝቅ አድርጉ። አዲስ ቺንጋ የመጀመሪያውን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ይነዳ። ጠዋት ትራኩ፣ ከሥር የሚዞረው ሰፊ ጎማ፣ በረዶ ይዞት መሬት ላይ ከተጣበቀ፣ ነዳጅ ከመስጠታችሁ በፊት ከኋላ አንሥታችሁ አላቅቁት። አለዚያ ፑሌጃው እየዞረ ቺንጋውን አንድ ቦታ ላይ ይበላዋል።

ልጁ ካቴናውን አውጥቼ በጥርሳም ቺንጋ ልተካው ወይ ብሎም ጠይቆኛል። ፖላሪስ እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዴል ፕሮ አርኤምኬ በተባለው የተራራ ስኖውሞቢሉ ላይ እንደዚያ አድርጓል። ክብደት ይቀንሳል፣ ዘይትም አይፈልግም። ጥልቅ በረዶ ላለበት ተራራ እወደዋለሁ። ነገር ግን ካቴና መስመሩ ትንሽ ቢጣመም ይታገሣል፣ ጥርሳም ቺንጋ አይታገሥም። ስለዚህ ለእሱ አሁን ጊዜው አይደለም።

ቅዳሜ ና ብዬዋለሁ። የተበጠሱትን ሁለቱንም ቺንጋዎች ይዞ ይመጣል። ጎናቸው ተቃጥሎ እንደሆነ፣ ክራቸው ተላቆ እንደሆነ አብረን እናያለን። መቀመጫው ሥር መጠባበቂያ አለህ ወይ ስለው የለኝም አለኝ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ሐይቅ ላይ እንዳይወጣ አስምዬዋለሁ።