መልስ፦ ያረጀ ተጫዋች ይቆይ ወይስ ይሰናበት?

ወንድሜ፣ «አርባ የተጠጋ ተጫዋች ወንበር ከሚያሞቅ ለወጣት ቦታ ቢለቅ አይሻልም?» ብለሃል። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፤ ግን ክፍያው ትንሽ ሲሆንና መሰለፍ ካላበዛ ብቻ ነው።

ከአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) የማያሚ ሂቱን ዩዶኒስ ሃስለምን ውሰድ። እስከ 2023 ድረስ 20 የውድድር ዘመን እዚያው ቆየ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሜዳ ገባ ለማለት እንኳ ይከብዳል። ማርች 2022 ከጎልደን ስቴት ጋር ሲጫወቱ ግን የሂቱ ጂሚ በትለርና አሰልጣኙ ስፖልስትራ ታይም አውት (አጭር የጨዋታ ዕረፍት) ላይ ተጋጩ። በትለርን ፊት ለፊት የተጋፈጠው ሃስለም ነበር፤ ሌሎቹ መሃል ገብተው እስኪገላግሉ ድረስ። የቡድኑን ኮከብ እንዲህ ደፍሮ የሚቆጣ የ22 ዓመት ልጅ ከየት ታመጣለህ? ያ ቡድን መደበኛውን ውድድር ከሊጉ ምሥራቅ ምድብ አንደኛ ሆኖ ነው የጨረሰው።

በዚያ ላይ በዝቅተኛው ደመወዝ ለአንድ ዓመት ለሚፈርም አንጋፋ፣ ከክፍያው ከፊሉን ሊጉ ራሱ ይሸፍናል። የሚይዘው ከቡድኑ 15 የተጫዋች ቦታ አንዱን ነው። ትልቅ ገንዘብና የረጅም ዓመት ውል ከጠየቀ ግን፣ የቱንም ያህል ብወደው አመስግኜ እሸኘዋለሁ።

የአንተ ቡድን አንጋፋ ስንት ዓመት ውል ነው የቀረው?