ከንቲባን በፊርማ ማውረድ፦ ጥያቄና መልስ

በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ መራጮች እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2024 ከንቲባቸውን ሼንግ ታኦን በድምፅ ከሥልጣን አወረዱ። በቂ ፊርማ ከተሰበሰበ ሹሙ ይውረድ አይውረድ የሚለው ለመራጩ ድምፅ ይቀርባል፤ እኔ ይህን ሕግ ለዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ የማኅበረሰባችን ሰዎች የጠየቁኝን ከነመልሱ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ጋሼ፣ ከንቲባዋን ለማውረድ የተነሡት ለምን ነበር?

ቅሬታው ብዙ ነበር። ወንጀል ሰዉን አስመርሮታል፤ የፖሊስ አዛዡን በ2023 ማባረሯ አስቆጥቷል፤ ከተማዋ የሱቅ ዘረፋን ለመከላከል ከክፍለ ግዛቱ ልታገኝ ትችል የነበረውን ገንዘብ የማመልከቻው ቀን አልፎባት አጥታለች። ዘመቻውን ከፊት ሆነው የመሩት አንዲት ጡረተኛ ዳኛ ነበሩ። ትልቁ ገንዘብ ግን የመጣው በአጎራባቿ ፒድሞንት ከሚኖር አንድ ባለሀብት ነው። ደጋፊዎቿ ይህን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ እኔም ተቃውሟቸው ተገቢ ነበር እላለሁ። የኦክላንድን ከንቲባ መምረጥ የማይችል ሰው ለማውረዱ ዋና ከፋይ መሆኑ ደስ አይልም። ድምፅ የሰጡት ግን የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከመቶው ወደ 60 የሚሆነው «ትውረድ» ብሏል።

ኤፍቢአይ ቤቷን ስለፈተሸ አይደለም እንዴ የወረደችው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፍተሻው የተደረገው በጁን 2024 ሲሆን ፊርማው ከዚያ በፊት ተሰብስቦ አልቋል። ፍተሻው ድምፁን አልጎዳም አልልም፤ ጎድቷል። በጉቦ የተከሰሰችው ግን ከወረደች በኋላ በጃንዋሪ 2025 ነው፤ እሷም ጥፋተኛ አይደለሁም ብላለች። አንድን ሹም ለማውረድ በካሊፎርኒያ ወንጀል መፈጸሙን ማስረዳት አያስፈልግም። ፊርማ የሚሰበሰብበት አቤቱታ ምክንያቱን በ200 ቃላት ይገልጻል፣ ሹሙም በ200 ቃላት ይመልሳል፣ ዳኛው መራጩ ነው።

ስንት ፊርማ ይበቃል?

እንደ ከተማው መጠን ይለያያል። የተመዘገቡት መራጮች ከ1,000 በታች ከሆኑ ከመቶ 30፣ 100,000 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመቶ 10 ነው። ለኦክላንድ ወደ 25,000 ፊርማ ማለት ነው። ሹሙ ሥራ በጀመረ በ90 ቀን ውስጥ ወይም የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው መነሣት አይቻልም።

ሰብሳቢዎች ሁልጊዜ ከሚፈለገው እጅግ አብልጠው ይሰበስባሉ፤ ምክንያቱም ብዙው ይወድቃል። ወረቀቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን አድራሻና ፊርማችሁን በገዛ እጃችሁ መሙላት አለባችሁ። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይሆንም። ቤት ቀይራችሁ የመራጭነት ምዝገባችሁ በድሮው አድራሻ ከቀረ ፊርማችሁ ከንቱ ነው። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ መፈረምማ ወንጀል ነው።

እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ከገበያ ስወጣ አንድ ልጅ «ፈርሚልኝ» አለኝ። ብፈርም ምን አለበት?

አትፈርሚ፣ እህቴ። መፈረም የሚችለው የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው፤ ለመመዝገብ ደግሞ ዜግነት ያስፈልጋል። ዜጋ ሳትሆኚ መራጭ ነኝ ብለሽ መፈረም ነገ ዜግነት ስትጠይቂ መዘዝ ሊያመጣብሽ ይችላል። ከሰብሳቢዎቹ ብዙዎቹ በፊርማ ቁጥር የሚከፈላቸው ስለሆኑ ይህን አይነግሩሽም። በቴሌግራፍ ጎዳና ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይህችን ነገር ለደንበኞቻቸው ቢያስታውሱ ትልቅ ውለታ ነው።

ከወረደች በኋላ ማን ተተካ? ተፎካካሪዋ ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ መስሎት ነበር፤ አብዝቼ የምናገረውም ለዚህ ነው። በ2003 የካሊፎርኒያው ገዥ ግሬይ ዴቪስ ሲወርድ ተተኪው፣ አርኖልድ ሽዋርዜኔገር፣ በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ከ135 እጩዎች መካከል ተመርጧል። ለአካባቢ ሹማምንት ግን ከ2023 ጀምሮ ጥያቄው «ይውረድ ወይስ አይውረድ» ብቻ ነው። በኦክላንድ መጀመሪያ የምክር ቤቷ ፕሬዚዳንት ተተኩ። እሳቸው ለካውንቲው ቦርድ ተመርጠው ስለነበር በጃንዋሪ ቦታውን ለሌላ የምክር ቤት አባል ለቀቁ። በኤፕሪል 2025 በተደረገው ልዩ ምርጫ የቀድሞዋ የኮንግረስ አባል ባርባራ ሊ አሸነፉ። ከዲሴምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ብቻ ከተማዋ አራት ሰው በወንበሩ ላይ አየች፤ ያውም በጀቷ ጎድሎ በተጨነቀችበት ሰዓት። ስለዚህ «ማን ይውረድ» ከማለታችሁ በፊት «ማን ይቀመጥ» በሉ።

ዘመቻው ቢከሽፍስ?

ሹሙ ይበረታል። በ1983 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከንቲባዋን ዳያን ፋይንስታይንን ለማውረድ ተሞከረ፤ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆነው መራጭ «አትወርድም» አለ፤ በዚያው ዓመት መደበኛውንም ምርጫ በቀላሉ አሸነፈች።

በኢትዮጵያስ ይቻላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል። የአዲስ አበባን ከንቲባ ግን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው። ነዋሪው በቀጥታ የሚመርጠው የምክር ቤት አባሉን ስለሆነ የመብቱ ክር የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነው። ይህ አንቀጽ በየቀበሌው ቢነበብና ቢታወቅ እወድ ነበር።

በችኮላ ፈርሜያለሁ፤ አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ፊርማዬ ተሰርዞልኛል ማለት ነው?

አልተሰረዘልህም፣ ወንድሜ፤ ጊዜ ግን አለህ። አቤቱታው ለከተማው ጸሐፊ ገቢ ከሚሆንበት ቀን በፊት ፊርማዬ ይሰረዝልኝ ብለህ በጽሑፍ አመልክት። ስምህን፣ አድራሻህንና ፊርማህን አኑርበት፤ ለፊርማ ሰብሳቢው ሳይሆን ለራሱ ለጸሐፊው ቢሮ ስጥ።