ቁሌት የማይሠራው ድስት

ጥያቄ፦ እኅቴ ከዱባይ ስትመለስ ምግብን በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት (ስሎው ኩከር) አመጣችልኝ። የተፈጨ ሥጋ አድበልብዬ በቲማቲም ስጎ በማብሰል፣ በዳቦ ውስጥ አድርጌ ለእንግዶች ለማቅረብ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፤ ነገር ግን ሥጋው ይፈረካከሳል፣ ስጎው እንደ ሾርባ ይቀጥናል፣ ዳቦውም አፍ ሳይደርስ ይርሳል። መመሪያው በከፍተኛ ሙቀት አራት ሰዓት ይበቃል ቢልም ለእኔ አይበቃኝም። ጥፋቱ የድስቱ ነው ወይስ የእኔ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር

መልስ፦ ድስቱ ጥፋት የለበትም፤ እርስዎም ያጠፉት የለመዱትን የወጥ አሠራር እንዳለ ወደ እርሱ ማዛወርዎ ብቻ ይመስለናል። በምድጃ ላይ የተጣደ ወጥ እየተንተከተከ እንፋሎቱን ስለሚያስወጣ ውሃው እየተመጠጠ ይሄዳል፤ የዚህ ድስት ክዳን ግን እንፋሎቱን መልሶ ስለሚያንጠባጥበው፣ ከቲማቲሙና ከሽንኩርቱ የወጣው ውሃ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ውሃ ከቶ አይጨምሩ። ሽንኩርቱንም በሌላ ድስት ለወጥ እንደሚያደርጉት በሚገባ አቁላልተው፣ የቲማቲም ድልህ ጨምረው ስጎው ጠበቅ ሲል ብቻ ይገልብጡት፤ ጥሬ ሽንኩርት በዚህ ድስት ውስጥ ይለሰልሳል እንጂ አይቁላላም። የማያቁላላ ድስት ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር መሆኑ ይገባናል።

ለ1 ኪሎ የተፈጨ ሥጋ 2 እንቁላልና በጥቂት ወተት የራሰ አንድ ብርጭቆ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ያስፈልጋል። ብዙ ከታሸ ስለሚጠጥር እስኪዋሐድ ብቻ ቀላቅለው፣ እጅዎን እያራሱ በሎሚ መጠን ያድበልብሉት፤ ከዚያም ውጩ እስኪቀላ በጋለ መጥበሻ ላይ እያገላበጡ ይጥበሱት። ይህን ደረጃ ዘለው እንደሆነ እንጠረጥራለን፤ ያልተጠበሰው ሥጋ ቅርጹን ሳይዝ በማማሰያ ሲነካ ይፈርሳልና።

ስለ ሰዓቱ፣ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደሴ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ወርደው ቢያበስሉት እንኳ ከ94 እምብዛም አያልፍም። መመሪያው የተጻፈው ለቆላ ከተማ ስለሆነ፣ አራቱን ሰዓት አምስት ያድርጉት፤ ክዳኑንም በከፈቱ ቁጥር 20 ደቂቃ ያህል እንደሚያባክኑ ያስቡ። የተፈጨ ሥጋ መካከሉ 71 ዲግሪ ካልደረሰ ለመብላት አያስተማምንም።

መብራት ቢጠፋስ? ቤት ካሉ ወዲያውኑ ወደ ተራ ድስት ገልብጠው በከሰል ላይ ይጨርሱት፤ የኤሌክትሪክ ድስቱን የውስጥ የሸክላ ማሰሮ ግን ይሰነጠቃልና እሳት ላይ አይጣዱት። ከቤት ወጥተው ሲመለሱ መብራቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ካላወቁ፣ ምንም ያህል ቢያሳዝንዎ ይድፉት።

ዳቦው እስከ መጨረሻው ድረስ ስጎ አይንካው። እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ በጎኑ ሰንጥቀው፣ ከውስጡ ጥቂት ጎልጉለው ያውጡና የተሰነጠቀውን ገጽ ቅቤ ቀብተው በመጥበሻ ላይ ጠበስ ያድርጉት። ሥጋውን ከስጎው አንጠፍጥፈው ይደርድሩበት፤ ከላይ አንድ ማንኪያ ስጎ ይበቃዋል፣ የቀረውን ለየብቻ በስኒ ያቅርቡ። የጎለጎሉትን የዳቦ ውስጥ አድርቀው ካስቀመጡት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ፍርፋሪ ይሆንልዎታል።