«ልጁ የማን ነው?» ከተለያየ ወገን ስለሚጋቡ ሰዎችና ስለ ልጆቻቸው ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አባቴ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ እናቴ የነቀምት ልጅ ናት። ከሌላ ብሔር፣ ከሌላ ሃይማኖት ወይም ከሌላ አገር ሰው ጋር ተጋብታችሁ፣ አለዚያም ልትጋቡ አስባችሁ የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የምወደው ልጅ የአምቦ ኦሮሞ ነው። አባቴ የጎጃም ሰው ነው፤ «ዘር ከልጓም ይስባል፤ ነገ ልጆችሽ የእኛ አይሆኑም» ብሎ ሽማግሌ አልቀበልም አለ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽን በክርክር ለመርታት አትሞክሪ። የአባትሽ አገር ወግ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ነው። ባዳ ማግባት ለአያቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም። ይህንን አንቺ ብትነግሪያቸው ድፍረት ይሆንብሻል፤ በዕድሜ አቻቸው የሆነ ሰው ቢያነሣው ግን ያዳምጣሉ።

«የእኛ አይሆኑም» የምትለውን ቃል ግን ልብ ብለሽ ስሚያት። ብዙ አባቶች ከዚያች ቃል ጀርባ ያላቸው ፍርሃት ነው። ሳረጅ የልጅ ልጄ በምን ቋንቋ ያጫውተኛል? ስሞት ተዝካሬን ማን ያስታውሳል? ለዚህ ፍርሃት መልስ የሚሰጠው የምትወጂው ልጅ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ቢቻል አባትሽ የሚያከብሩት የንስሐ አባት ይሁን። ሽማግሌ አንድ ጊዜ ቢመለስ ነውር የለበትም፤ ደግሞ ይሂድ።

እኔ ስወለድ ሁለቱም አያቶቼ እናቴን ሊያርሱ አዲስ አበባ መጡ። የማርቆሷ አያቴ ኦሮምኛ አይሰሙም፤ የነቀምቷ አያቴ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አንዳቸው ገንፎ ይሉታል፣ ሌላኛቸው ማርቃ። ቅቤና በርበሬው መሀሉ ላይ ተደርጎ፣ ከአንድ ገበታ አንዳቸው ከግራ ሌላኛቸው ከቀኝ እየቆረሱ፣ ያለ አስተርጓሚ ሦስት ሳምንት አብረው ከረሙ። ከዚያ በፊት አባቴ የላከው ሽማግሌ ከእናቴ ቤተሰብ ቤት ሦስት ጊዜ ተመልሶ ነበር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመቀሌ ልጅ ናት፤ እኔ የጎንደር ሰው ነኝ። ጦርነቱ ሲጀመር ልጃችን ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ዐሥራ አንድ ሞልቶታል። ጓደኞቹ ቤት ሲመጡና እናቱ በትግርኛ ስልክ ስታነጋግር ሮጦ በሩን ይዘጋል። ምን እናድርግ? ብሔር ሲጠየቅስ ምን ይበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ልቤ ተነካ። በእነዚያ ዓመታት እንዲህ ያሉ ብዙ ቤቶችን አይቻለሁ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የትግራይ ስልክ ተዘግቶ፣ ሚስት ስለ እናቷ መኖር አለመኖር ሳታውቅ ወራት አለፉ። ዘመድ ለጥየቃ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ክፉ ቃል ይናገርና ወደ እሷ ዞሮ «አንቺን ማለታችን አይደለም» ይላል። እሷ ቡናውን ትቀዳለች። ልጁ ምንጣፉ ላይ እየተጫወተ ሁሉንም ይሰማል። የስድስት ዓመት ልጅ ከዚያ የሚማረው እናቱ የምትደበቅ ነገር እንዳላት ነው። በሩን ሲዘጋ እሷን እየጠበቃት ነው፤ ስለዚህ አትቆጡት።

ይህንን በር መክፈት ያንተ ሥራ ነው። እናቱ ለቋንቋዋ ብትከራከር ለራሷ ያደላች ይመስለዋል፤ የጎንደሩ አባት ሲያከብረው ግን ነገሩ ይለወጣል። ትግርኛ ተማር። አማትህ ሲደውሉ ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገህ፣ ልጁ ባለበት፣ ብትሳሳትም በትግርኛ ሰላም በላቸው። በዚያ ዘመን ክፉ ቃል ከተናገሩት ዘመዶችህ አንዱን ለይተህ ስለ ተናገረው ነገር አነጋግረው፤ ልጁም እንዳነጋገርኸው ይወቅ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015፣ የመቀሌ በረራ ተመልሷል። ለዕረፍት ውሰዱትና አያቱ ቤት ይሰንብት።

ስለ ብሔሩ፣ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የአባትን ይጽፋል፤ ይህ ልማድ ነው። ልጅ የግድ የአባቱን ብሔር ይይዛል የሚል የሕግ አንቀጽ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። የፋይዳ ምዝገባ ደግሞ ብሔር አይጠይቅም። ለሰው ሲመልስ «እናቴ ትግራዋይ ናት፣ አባቴ አማራ ነው» ይበል፤ ሙሉ መልስ ነው። «ግማሽ» የምትለዋን ቃል ግን ከቤታችሁ አስወጧት።

ጥያቄ፦ ልጅ ግራ እንዳይጋባ አንድ ቋንቋና አንድ ባህል ብቻ ቢይዝ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። በአንድ የፍቺ ጉዳይ ዳኛዋ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅን በጽሕፈት ቤታቸው ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ጠየቋት። ልጅቷ መልሳ «ከአባቴ ጋር ከሆንኩ ኦሮምኛ ማውራት ይቀርብኛል?» አለች። ልጅቷን ያስጨነቃት አንዱን መተው ነበር፤ በሁለቱ ቋንቋ እንዳሻት ትጫወት ነበርና።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነኝ፤ ሙስሊም ነኝ። የማገባት ልጅ ኦርቶዶክስ ናት። ሕጉ ይፈቅዳል? ልጆቻችንስ?

መልስ፦ ሕጉ ይፈቅዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለጋብቻ የደረሱ ወንድና ሴት በብሔርም ሆነ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት መፈራረም ትችላላችሁ። የሃይማኖቱ በር ግን ሌላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ላልተጠመቀ ሰው ሥርዓተ ተክሊል አትፈጽምም። በእስልምና በኩል አብዛኞቹ ሊቃውንት ለወንዱ ክርስቲያን ሴት ማግባትን ይፈቅዳሉ፤ ሙስሊም ሴት ክርስቲያን እንድታገባ ግን አይፈቅዱም።

ወሎ ውስጥ እህት ሙስሊም፣ ወንድም ክርስቲያን የሆነበት ቤት እንዳለ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በሠርግ ቀን ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፤ ቢላዋውም ድስቱም ይለያል፤ ማንም አይቀየምም። ያ ሥርዓት የሚሠራው ሁሉም አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። እናንተም የልጁን ነገር ሳይወለድ ተነጋገሩ። ወንድ ልጅ በዐርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የምትነሣበት አገር ነው። እጮኛህ በፍቅር ዘመን «ሲደርስ እናየዋለን» ብትልህም ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ላይ እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ የሚጀመር ንግግር ጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ባለቤቴ ናይጄሪያዊ ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጄ አማርኛ ይሞክራል፤ ግን እኔን «አንተ ና» ይለኛል። ዘመዶቼ ይስቁበታል፣ እሱም ዝም ማለት ጀመረ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው። በቀን ሙሉ የሚሰማው አማርኛ አንቺ ለእሱ የምትናገሪው ብቻ ስለሆነ «አንተ» ለሁሉም የሚሆን መስሎታል። «አንቺ» ሲባል የሚሰማበት ቦታ የለውም። ሁለት አዋቂዎች በአማርኛ ሲጨዋወቱ ይስማ፤ እህትሽ ወይም አክስትሽ በሳምንት አንድ ቀን ይምጡ። አያቱ «እርስዎ» ሲባሉም ከዚያው ይማራል። የሚስቁትን ዘመዶች ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚያቸው፤ የተሣቀበት ልጅ ቋንቋውን ትቶ ይሄዳል። የባልሽንም ቋንቋ በእኩል ዐይን እዪው። ልጁ የአባቱን ቤተሰብ ስም ስለያዘ የአንቺ ወገን እንዳይጠፋበት፣ የአባትሽን ስም በመሀል ስምነት ብታስገቢለት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ይህንን ሲያውቁ ሠርጉን ሰረዙ። ብሔራችን አንድ ነው።

መልስ፦ ይህ ከሁሉም ያናድደኛል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ከእናትሽ ጀበና ቡና የሚጠጣ ሰው ልጇን አላጋባም ይላል። እጮኛሽ ራሱ ምን አለ? እሱ ከጎንሽ ከቆመ ቤተሰቡ ሊመለስ ይችላል። ዝም ካለ ግን ልጆችሽን ከአያታቸው ደብቀሽ እንድታሳድጊ ይጠይቅሻልና አታግቢው።

ጥያቄ፦ ዱባይ እሠራለሁ። የልጄ አባት የውጭ ዜጋ ነው። ልጄ ኢትዮጵያዊት ናት?

መልስ፦ አዎ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቿ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በትውልድ ኢትዮጵያዊት ናት። የአባቷንም ዜግነት ካገኘች ግን አካለ መጠን ከደረሰች በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን መያዝ እንደምትፈልግ ማሳወቅ አለባት፤ ካላሳወቀች እንደተወችው ይቆጠራል። የልደት ማስረጃዋን አሁኑኑ በስምሽ አስመዝግቢ፤ ዋናውን ወረቀት ከራስሽ ጋር አስቀምጪ።