ባሕር ለሌለው አገር ልጅ የባሕር ሥራ አለ?

ከአርባ ምንጭ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የውሃ ምህንድስና አራተኛ ዓመት ነሽ። የባሕር ከፍታ እየጨመረ ለሚያስጨንቃቸው ደሴቶች መሥራት ትፈልጊያለሽ፣ ጓደኞችሽ ደግሞ «ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» እያሉ ይስቁብሻል። ይሳቁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤሽ ከላይ እስከ ታች ባሕሩን ስለሚገታ ግንብ ነው። ግንብ የሚሠራ ሞልቷል፤ ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1953 ጎርፍ 1,836 ሰው ከፈጀባት ወዲህ ይሄንኑ ስትሠራ ነው የኖረችው። እንደ ቱቫሉ ባሉ ዝቅተኛ ደሴቶች ግን ብዙ ጊዜ ከማዕበሉ ቀድሞ የሚመጣው ጨው ነው። የዝናቡ ውሃ አሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከጨዋማው ውሃ በላይ፣ ወጥ ላይ እንዳለ ዘይት ተንሳፎ ይቀመጣል። ሰዎቹ ፑላካ የሚሉትን ተክል (እናንተ ጋ ያለውን ጎደሬ አስቢ) እስከዚያ ውሃ ድረስ ጉድጓድ ቆፍረው ይተክሉታል። ባሕሩ ከፍ ሲል ጨው ከሥር ይገባና ሥሩ ይበሰብሳል። ቤቱ ሳይነካ ጓዳው ይራቆታል።

ይሄ የከርሰ ምድር ውሃ ጉዳይ ነው፣ ማለትም ያንቺው ትምህርት። መለማመጃ ደግሞ መተሐራ አለልሽ። በሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ከባሕር ጋር አይገናኝም፣ የሚሰፋበትም ምክንያት ሌላ ነው፤ ግን ጨዋማ ውሃ እየሰፋ እርሻና ከተማ ሲገፋ እዚያው ታዪዋለሽ። መመረቂያ ጽሑፍሽን እዚያ ሥሪ። የጨው መለኪያዋን ከላቦራቶሪ ተበደሪና ጉድጓድ ለጉድጓድ ዙሪ፣ እናቶችንም ውሃው ጣዕሙን የቀየረው መቼ እንደሆነ ጠይቂ።

መጠየቅ መቻልን አትናቂው። ፓናማ ውስጥ ባሕሩ እየጨመረ ከሚያሰጋት፣ ጋርዲ ሱግዱብ ከምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 300 ቤተሰብ ወደ ዋናው መሬት ተዛውሯል። ታንኳውን ደጃፉ ላይ ያስር የነበረ ዓሣ አጥማጅ አሁን ባሕሩ ጋ ለመድረስ መንገድ አለበት፤ አንዳንዱማ ጭራሽ አልሄድም ብሎ ቀርቷል። ይሄን ከካርታ ላይ አታገኚውም።

ማስተርሱ አያስቸኩልሽ። ዴልፍት ያለው የውሃ ትምህርት ተቋም ብዙ አበሻ አስተምሯል፣ ይደረስበታል። እኔን ካልሽ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ወረዳ ውሃ ቢሮ ግቢ፤ ደሞዙ ያናድዳል፣ እጅሽ ግን ይፈታል።

የጥናት ሐሳብሽን በአንድ ገጽ ላኪልኝ። ግንብ የሚል ቃል ካየሁበት ሳላነብ ነው የምመልስልሽ።