ሐረጎን ያልወጣ ካምቢዮ

20 ዓመት ገደማ ካምቢዮ (የመኪና ማርሽ ሳጥን) ሳወርድና ስሰቅል ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ደሴ፣ አሁን ኮምቦልቻ። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያው ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ያገለገለ አውቶማቲክ ለመግዛት ያሰባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይኸው።

ጥያቄ፦ ነገ ጠዋት ደሴ፣ ሮቢት አካባቢ አንዲት ቪትዝ ላይ ቀጠሮ አለኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዛሬ ማታ ለሻጩ ደውልና "ሳልመጣ እንዳታስነሳት" በለው። ስትደርስ ኮፈኑን አስከፍትና እጅህን ሞተሩ ላይ ጠጋ አድርግ። በደሴ ብርድ ማለዳ ላይ ሞተር ከሞቀ፣ ቀድሞህ ያስነሳው ሰው አለ። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ግን "ሌላ ቀን እመጣለሁ" ብዬ ሻይ ቤት ነው የምገባው።

ሌሊቱን የቆመ ካምቢዮ ውስጡ ያሉት ላስቲኮች ከደረቁ ወይም ዘይቱ ከጎደለ፣ ግፊቱ እስኪሞላ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ አስነሳ፣ ፍሬን ያዝ፣ ከፒ (ማቆሚያው) ወደ አር (የኋላ ማርሹ) አግባና በልብህ ቁጠር። "አንድ" ብለህ "ሁለት" ሳትጨርስ መያዝ አለበት። ከዚያ ወደ ዲ (ወደፊት መሄጃው)፣ እንደገና ቁጠር። ሦስት ብለህም ገና ካልያዘ፣ ወይም "ጓ!" ብሎ ከወንበሩ ካነቃነቀህ፣ ዋጋ ውስጥ አትግባ። ትንሽ ጠንከር ብሎ መያዝ በብርድ ያለ ነው፤ ሞተሩ እንደተነሳ ዙሩ ከፍ ይላልና። ሞተሩን የሚይዙት ጎማዎች ካለቁም እንደዚያው ይመታል። እሱ ቀላል ነው። መካኒክ ኮፈኑ ጋ ቆሞ ሞተሩ ሲዘል አይቶ ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ደላላው "ፒያሳ አንድ ዙር ይበቃል" አለኝ። እውነት ይበቃል?

መልስ፦ ለእሱ ይበቃዋል።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። መካኒክ ሆኜ፣ ያውም ካምቢዮ የምሠራ ሰው፣ ለራሴ አንዲት ኮሮላ ገዛሁ። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ነዳኋት፤ ቅቤ ናት። ከፈልኩ። በነጋታው ቤተሰብ ጭኜ ወደ ደሴ ወጣሁ። የሐረጎ ዳገት ግማሽ ላይ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ከኋላዬ አይሱዙ ጡሩንባውን ይነፋል። እናቴ "ምን ሆነች?" ትላለች። እኔ ምን ሆነች እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ አፌ ግን አልተላቀቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ያለቁት ፍሪሲዮኖች (ካምቢዮው ውስጥ የሞተሩን ጉልበት ይዘው የሚያስተላልፉት ሳህኖች) በብርዱ እንደምንም ይዘው ይቆዩና ሙቀቱና ዳገቱ ሲበረታባቸው ይንሸራተታሉ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ጭናችሁ፣ ሳትቸኩሉ ውጡ። ሬዲዮውን ዝጉ። ዓይናችሁ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ቆጣሪ ላይ ይሁን። ማርሽ ሲቀየር መርፌው ወደ ላይ ዘሎ ከተመለሰ ካምቢዮው አልያዘም ማለት ነው። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ሳታጠፉ አርና ዲን እንደ ጠዋቱ ድገሙት። ሻጩ "ሐረጎ አልሄድም" ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጥያቄ፦ የካምቢዮው ዘይት አዲስ ነው፤ ሻጩ ትናንት ነው የቀየርኩት ይላል። ጥሩ ምልክት ነው?

መልስ፦ እኔን ያስፈራኛል። አሮጌው ዘይት ምስክር ነበር። ብዙው የአውቶማቲክ ዘይት ሲገባ ቀይ ነው። ጠቆር ማለቱ ዕድሜ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ፍሪሲዮኑ ነዷል። የእንጆሪ ጭማቂ በወተት መስሎ ካየህ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ ያን መኪና ተወው። መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርገህ እየው።

ጥያቄ፦ ኪሎ ሜትሩ 80,000 ይላል። ልመን?

መልስ፦ አትመን። የፍሬን መርገጫውን ላስቲክና መሪውን እይ፤ ክፉኛ ካለቁ መኪናው ከተጻፈው በላይ ሳይሄድ አልቀረም።

ጥያቄ፦ ሲቪቲ የሚባለው ምንድን ነው? ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። የመጀመሪያዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው ቪትዝ በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ናት። ኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው፤ በማርሽ ፋንታ ሁለት ፑሊና አንድ የብረት ቀበቶ አላቸው። ሲነዳ ማርሽ ሲቀየር አይሰማህም፤ ዙሩ አንድ ቦታ ቆሞ ፍጥነቱ ብቻ ይጨምራል። እሱን መንሸራተት ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። በቀስታ ስትነሳ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንደ ሲቃ ያለ ቀጭን ድምፅ ካወጣ ግን ችግር አለ። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው። ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት ሞልተውበት ያበላሹትን ወላሂ በእጄ ፈትቻለሁ። ባለቤቱን ምን ዘይት እንደተጠቀመ ጠይቀው። "ቀዩን" ብቻ ካለህ ተጠራጠር።

ጥያቄ፦ የሱዙኪ ዲዛየር አውቶማቲክ አየሁ፤ ማርሽ ሲቀይር ገፋ ገፋ ያደርጋል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ማርሽ መምረጫውን እየው። ፒ ከሌለው ኤጂኤስ የሚባለው ነው። ውስጡ ተራ ማንዋል ካምቢዮ ሲሆን ፍሪሲዮኑን የሚረግጥልህ ኮምፒውተር ነው። ትንሽ መጎተት ተፈጥሮው ነው። ዳገት ላይ ስትነሳ የሚቃጠል ነገር ከሸተተህ ግን ፍሪሲዮኑ ሳያልቅ አይቀርም፤ ዋጋው ላይ ተነጋገርበት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ "አውቶማቲክ የደሴን ዳገት አይችልም፣ እንዳትገዢ" ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ጤነኛ ከሆነ ይችላል። እንዲያውም መጠንቀቅ ያለብሽ ቁልቁለቱ ላይ ባለው አነዳድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሐረጎን በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ አሉ። ነዳጁም ብዙ አይቆጠብም፤ ፍሬኑ ብቻ ይግላል። 2፣ ኤል ወይም ቢ (ለቁልቁለት የሚሆኑት የመምረጫው ቦታዎች) ላይ አድርገሽ በሞተሩ እየያዝሽ ውረጂ። ስትሞክሪም ይህን አድርጊ፤ ኤል ላይ ሆኖ መኪናው እንደ ልቡ ከሮጠ ካምቢዮውን አሳዪው።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ማስመርመር ይበቃል?

መልስ፦ አስመርምር፤ ግን ሻጩ ቀድሞ ያጠፋው የብልሽት ኮድ ላይታይ ይችላል። ቁልፉን ስትከፍት የሞተር መብራት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። መጀመሪያውኑ ካልበራ አምፖሉን ነቅለውት ሊሆን ይችላል። በቀድሞዎቹ ቶዮታዎች ላይ "ኦ/ዲ ኦፍ" የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ካምቢዮው ራሱ እየከሰሰ ነው።

ጥያቄ፦ ባትሪ ቢሞት ገፍተን ማስነሳት እንችላለን?

መልስ፦ አይነሳም፤ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። የዘይቱ ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተር ከሌለ ካምቢዮው ጎማውን አይዝም። በዚሁ ምክንያት በገመድ ሩቅ አትጎትቱት፤ ያለ ዘይት ይፋጫል። ሞተሩ የፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊቱን አንስታችሁ ጎትቱ። ባትሪውን ግን ከጎረቤት መኪና በኬብል አስነሱት።